ሦስቱ የመብራት ጠባቂዎች የት ገቡ?

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሰው ተሰብስቦ ከተቀመጠ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደሚያስፈራ ነገር መሄዱ አይቀርም። አንዱ ስለ ጅብ ያወራል፤ ሌላው በወንዝ ዳር ስላየው ጥላ ይናገራል፤ አዳሪ ተማሪ ቤት የኖረ ደግሞ ሌሊት በኮሪደሩ ሲመላለስ ስለ ሰማው የእግር ኮቴ ያነሣል። እኛም እንዲህ ያለውን ጨዋታ እንወዳለን። ባለፈው ሰሞን ታዲያ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የሚሠራ ወጣት ወዳጃችን ከሁሉ የሚበልጥ ታሪክ አውርቶ ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር መካከል በአንዲት ደሴት ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ግንብ ነበረ። ሦስት ሰዎች ይጠብቁት ነበር። አንድ ቀን ተተኪው ሰው መጥቶ በሩን ቢከፍት ምግቡ በገበታ ላይ ቀርቧል፤ ሻዩ ገና ይጨሳል፤ አንድ ወንበር ተገልብጧል፤ ሰው ግን የለም።

ወዳጃችን ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ነበር ሁላችንም ወደ በሩ ዞር ብለን ማየታችንን አንክድም። በማግሥቱ ግን «ሻዩ ገና ይጨሳል» የሚለው ነገር ከነከነን። እሱ ራሱ እንደ ነገረን ሰዎቹ ከጠፉበት ቀን ጀምሮ ተተኪው እስከ ደረሰበት ድረስ ዐሥራ አንድ ቀን አልፏል። ዐሥራ አንድ ቀን የሚጨስ ሻይ የሚያፈላ ሰው ካለ እኛም አድራሻውን ብናገኝ ደስ ይለን ነበር። ስለዚህ በጊዜው የተጻፈውን ደብዳቤና ሪፖርት እያገላበጥን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን። ያገኘነው እውነት ከተወራው ይልቅ የሚከብድ ሆኖ ስላየነው ለአንባቢዎቻችን እናቀርበዋለን። ለይተን ካልገለጽን በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ሌዊስ ከምትባለው ደሴት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ፍላናን የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ስማቸው የአንድ ጥንታዊ ቅዱስ ስም ነው፤ በትልቋ ደሴት ላይም በእርሱ የተሰየመ የድንጋይ ጸሎት ቤት ፍራሽ ይገኛል። የደሴቲቱ ዙሪያ ገደል ነው። በዚህች ደሴት ራስ ላይ 23 ሜትር ቁመት ያለው የመብራት ግንብ ተሠርቶ ታኅሣሥ 7 ቀን 1899 ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። የጠባቂዎቹ ተራ በየጊዜው እየተፈራረቀ ሦስት ሦስት ሰው በደሴቲቱ ላይ ይቀመጥ ነበር። ስንቅና ተተኪ የምታመላልሰው መርከብ ሄስፐረስ ትባላለች። ሬዲዮ ገና አልነበረም፤ ከደሴቲቱ ወደ ሌላው ዓለም የሚሄደው ወሬ መብራቱ ራሱ ነበር። በሌዊስ ዳርቻ የተቀመጠ ሰው መብራቱን እየተመለከተ፣ ካየው ደኅና ናቸው ይላል፤ ጭጋግ ከሸፈነው ደግሞ እስኪገፈፍ ይጠብቃል።

በታኅሣሥ 1900 በግንቡ የነበሩት አለቃው ጄምስ ዱካት፣ ረዳቱ ቶማስ ማርሻልና ዶናልድ ማካርተር ናቸው። ማካርተር በሕመም ፈቃድ ላይ በነበረ ሰው ምትክ የገባ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን የበላይ ተቆጣጣሪው ሮበርት ሙርሄድ ደሴቲቱን ጎብኝቶ፣ ሥራቸውን አይቶ፣ እጃቸውን ጨብጦ ተሰናበታቸው።

ታኅሣሥ 15 ቀን ቅዳሜ ነበረ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 6 ቀን 1893 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የዐድዋ ድል አምስተኛ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ተኩል ያህል ሲቀረው። በዚያን ዕለት ሌሊት አርክተር የምትባል፣ ከአሜሪካ ወደ ስኮትላንድ የምትጓዝ መርከብ በአካባቢው ስታልፍ የፍላናን መብራት አለመብራቱን አስተዋለች።

ሄስፐረስ ታኅሣሥ 20 ቀን መድረስ ሲገባት በማዕበል ምክንያት ዘግይታ የደረሰችው በ26ኛው ቀን ነው። ወትሮ መርከብ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ባንዲራ ሰቅለው፣ ባዶ ሣጥኖቻቸውን አውርደው ከዳር ይጠብቃሉ። በዚያን ቀን ባንዲራም ሰውም አልታየም። ካፒቴን ሃርቪ የመርከቧን ፉጨት ነፋ፤ ሮኬት ተኮሰ፤ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ ተተኪው ጠባቂ ጆሴፍ ሙር በጀልባ ወረደና ብቻውን ደረጃውን ወጣ።

እንግዲህ ሙር ያየውን እንስማ። ሁለት ቀን ቆይቶ ለአለቆቹ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነገሩን በቅደም ተከተል አስፍሮታል። የግቢው በር ተዘግቷል። የቤቱ ውጫዊ በር ተዘግቷል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም በር ተዘግቷል። የማድ ቤቱ በር ግን ክፍት ነው። ምድጃው ውስጥ እሳት ከነደደ ቀናት አልፈዋል። አልጋዎቹ ጠዋት ሰው እንደ ተነሣባቸው ናቸው። ሙር ከዚያ በላይ ሊቆይ አልቻለም፤ እየሮጠ ወደ ጀልባዋ ወረደ። ከሌሎች መርከበኞች ጋር ተመልሶ በደንብ ሲያዩት መብራቱ ተወልውሎ ዘይቱ ተሞልቷል። የማድ ቤቱም ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ሙር ከዚህ ተነሥቶ ሰዎቹ የወጡት ምሳ በልተው ካበቁ በኋላ መሆን አለበት ሲል ገመተ። ያ የሚጨሰው ሻይ፣ ያ የቀረበው ገበታ በደብዳቤው ውስጥ የለም። በእውነቱ ቤት ውስጥ የነበረው የታጠበ ድስት ነው።

እኛን ያስደነገጠን ይህ ነው። የተገለበጠ ወንበር አንድ ነገር ይናገራል፤ ጠብ ነበረ፣ ድንጋጤ ነበረ ያሰኛል። የታጠበ ድስት ግን ምንም አይናገርም። ሦስት ሰዎች ምሳቸውን በልተው፣ ዕቃቸውን አጥበው፣ ለማታው መብራት ዘይት ሞልተው፣ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ወጥተው ቀሩ።

ካፒቴኑ በዚያው ቀን የላከው ቴሌግራም ሲነበብ አሁንም ልብ ይነካል። ሦስቱ መጥፋታቸውን ገልጾ፣ ሰዓቶቹ መቆማቸውን ነግሮ፣ ምናልባት ክሬኑን ለማሰር ሲሉ ማዕበል ወስዷቸው ይሆናል ይላል። ዱካትንና ማርሻልን በስማቸው ሲጠራ ሦስተኛውን «ጊዜያዊው» ብሎ አልፎታል። በጊዜያዊነት የተቀጠረ ወጣት አንባቢ ካለን ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ሙርና ሦስት ፈቃደኛ ሰዎች በደሴቲቱ ላይ ቀርተው በዚያው ማታ መብራቱን አበሩ። በዚያ ቤት፣ በእነዚያ አልጋዎች አጠገብ እንዴት እንዳደሩ እያንዳንዱ ለራሱ ያስበው።

ታኅሣሥ 29 ቀን ሙርሄድ ለምርመራ መጣ። በቤቱ የተገኘው የመጨረሻ ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ የሰፈረ የአየር ሁኔታ ሲሆን፣ እርሱም የታኅሣሥ 15 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የጀልባ መጠጊያ ደኅና ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ግን ሌላ ነው። ከባሕሩ ወለል 33 ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተቀመጠ የገመድ ሣጥን ተሰብሮ ገመዱ ተበታትኗል። የብረት መደገፊያው ተጣሟል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቋጥኝ ከቦታው ተነቅሏል። ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ሳይቀር፣ ሣሩ ከነአፈሩ እስከ 10 ሜትር ወደ ውስጥ ተገፍፏል። ክሬኑ ግን በሥርዓት እንደ ታሰረ ነው።

ተቆጣጣሪው የደረሰበት ፍርድ ቀላል ነው፤ ሰዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ለማሰር ወርደው ሳለ ያልጠበቁት ታላቅ ማዕበል ወጥቶ ጠረጋቸው። ማርሻል ቀደም ሲል ዕቃ በማዕበል ተወስዶበት አምስት ሽልንግ ተቀጥቶ ነበር ይባላል። እውነት ከሆነ ለገመድ ሲሉ ወደ ገደሉ መውረዳቸው አይደንቅም። በዚያ በኩል ባሕሩ ወደ ጠባብ ሸለቆ ስለሚገባ ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይፈነዳል፤ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚያ ያገለገለ አንድ ጠባቂ ይህን በዓይኑ አይቶ ፎቶግራፍ አንሥቶታል።

ወሬው ግን በዚህ አልበቃውም። በ1912 አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ስለ ነገሩ ሲገጥም ያልተነካ ገበታና የተገለበጠ ወንበር አስገባበት። ወዳጃችን የሰማው እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የመጣው ከዚህ ነው። በ1929 ደግሞ አንድ የአሜሪካ መጽሔት የጠባቂዎቹ የቀን መዝገብ ነው ብሎ ጽሑፍ አወጣ፤ በእርሱ መሠረት ማርሻል፣ ማዕበሉ እንዳስደነገጣቸው፣ አለቃው ዝም እንዳለ፣ ማካርተርም እንዳለቀሰ ጽፏል። ይህ ፈጠራ ነው። በቢሮ የሚሠራ ሰው ለመጠርጠር ብዙ ምርምር አያሻውም፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ «አለቃዬ አኵርፏል፣ ባልደረባዬ አልቅሷል» ብሎ የሚጽፍ ረዳት የት አለ? ያን መዝገብ የሚያነበውም አለቃው ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የባሕር ዘንዶ ዋጣቸው፣ የጠላት መርከብ ወሰዳቸው የሚል ተጽፏል፤ በ1980 ኦፔራ፣ በ2018 ፊልም ወጥቷል። ለባሕር ዘንዶው አንከራከርም። የማንወደው አንዱ አብዶ ሁለቱን ገደለ የሚለውን ነው። ዱካት ሚስትና አራት ልጆች፣ ማካርተር ሚስትና ሁለት ልጆች ትተው ነው የቀሩት። አስከሬን አልተገኘ፤ መቃብር የለም። በመቃብር ፋንታ ለልጆቹ የቀረላቸው በማያውቃቸው ሰው ብዕር የተጻፈ «አለቀሰ፣ አበደ» የሚል ወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ዱካትና ማርሻል ወደ ባሕሩ ሲወርዱ የሚለብሱትን ቡት ጫማና የዝናብ ልብስ አድርገው ወጥተዋል። የማካርተር ኮት ግን በቤት ቀርቷል፤ በሸሚዝ ወጥቷል ማለት ነው፣ በታኅሣሥ ብርድ። ደግሞም ግንቡን ባዶ ትቶ መውጣት በደንብ የተከለከለ ነው፤ አንድ ሰው ምን ጊዜም መቅረት አለበት። ስለዚህ ብዙዎች ሁለቱ ሲጮኹ ሰምቶ፣ ወይም ማዕበሉ ሲመጣ ከላይ አይቶ፣ ሊያስጠነቅቃቸው ሮጦ አብሯቸው ተወሰደ ይላሉ። እኛም ይህን ለመቀበል እንወዳለን።

የፍላናን መብራት ከ1971 ጀምሮ ያለ ጠባቂ በራሱ ይበራል። ይህን ሁሉ ለዚያ ለመዝገብ ክፍሉ ወዳጃችን በሻይ ቤት ቁጭ ብለን አስረዳነው። ሻዩ መጨሱ ውሸት መሆኑን ያለ ክርክር ተቀበለ፤ ትንሽም አፈረ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን ቀና ብሎ፣ «መልካም፤ ማካርተር ኮቱን እንኳ ሳያነሣ ጓደኞቹን ሊያድን ከሮጠ፣ ሁለቱን የቤት በሮችና የግቢውን በር የዘጋው ማነው?» አለን።

ነፋስ ይሆናል አልነው። የግቢውንም ጭምር? አለ። ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን።