ያደገ ልጅ ሲያስቸግር፤ በዐማራ ቤተ ሰብ የወላጅ ተግሣጽና የሽማግሌ ሥራ

በአማርኛ «አሳዳጊ የበደለው» የሚባል ስድብ አለ። ስድቡ የሚወረወረው በጥፋተኛው ልጅ ላይ ሲሆን የሚያርፈው ግን በአባቱና በእናቱ ላይ ነው፤ ልጁ ጢም ቢያበቅልም እንኳ ጥፋቱ ከአስተዳደጉ ይቈጠራል። «ጡት ነካሽ» የሚለው ሌላው ስድብ ደግሞ ወላጆችን ነጻ አውጥቶ ልጁን ብቻ ይወቅሳል። ያደገ ልጅ ያስቸገረው ወላጅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተይዞ ይኖራል፤ ልጁን ቢከስ ራሱን መክሰስ ይሆንበታል፥ ዝም ቢል ደግሞ ቤቱ ይታወካል። በሸዋም ሆነ በጎጃም፥ በጎንደርም ሆነ በወሎ፥ የገጠር ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ እንደ ገመና የሚሸፍነው ስለዚህ ነው።

ሕፃንን በአርጩሜ መቅጣት በልማድ ነውር አልነበረበትም። ለአቅመ አዳም የደረሰውን ወንድ ልጅ መምታት ግን አባትን ከአደጋ ላይ ይጥለዋል። ልጁ የአባቱን ዱላ በእጁ የያዘ እንደ ሆነ የአባትነት ክብር በዚያች ቅጽበት ይወድቃል፥ የሚያነሣውም አይገኝም። ስለዚህ አስተዋይ አባት ዱላውን ትቶ ያኮርፋል። ሰላምታውን ይነፍገዋል፤ የሥራውን ትእዛዝ በእናቱ በኩል ይልክበታል፤ ልጁም አባቱ ከማእድ ከተነሣ በኋላ ይበላል። እንግዳ ሰው ይህን ቢያይ ጭካኔ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን አባትዬው አስታራቂ እየጠበቀ መሆኑን ያውቃል።

አስታራቂው ማን እንዲሆን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የጥፋቱ ዐይነት ነው። ነገሩ ስንፍና ወይም መጠጥ ከሆነ የእናት ወንድም ይበቃል፤ አጎት የእኅቱን ልጅ ያለ ይሉኝታ ይገሥጻል፥ የልጁንም አቤቱታ በአባቱ ፊት ደፍሮ ያቀርባል። ከብት ሰርቆ እስከ መሸጥ ወይም ሰው እስከ ማቍሰል የደረሰ እንደ ሆነ ግን የክርስትና አባቱና የንስሐ አባቱ ከሽማግሌዎች ጋር ይጠራሉ። ዕርቁ ሲቈረጥ ልጁ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከአባቱ እግር ሥር ይወድቃል። አባት ፊቱን ያዞራል፤ ሽማግሌዎቹም «ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ደጋግመው ይለምኑታል። እምቢታው ራሱ የሥርዓቱ ክፍል ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ አባት ጥፋቱን እንዳቃለለ ይቈጠርበታል። በመጨረሻ ድንጋዩ ይወርዳል፥ ልጁ ጉልበት ይስማል፥ አባትም ይመርቀዋል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድንጋዩ ነው። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ከዚያ በፊት፥ ሽማግሌዎቹ አባትዬውን ለብቻው አስቀምጠው ሲጠይቁት ነው። «ጉልማ ሰጥተኸዋልን? የሚያርስበት በሬ አለውን? ታናሹን ድረህ እርሱን ለምን አስቀረኸው?» ይሉታል። ጉልማ ማለት ገና ጎጆ ያልወጣ ልጅ ከአባቱ መሬት ተከፍሎለት ለራሱ የሚዘራበት ጥቂት ማሳ ነው። ዐሥር ዓመት በአባቱ በሬ አርሶ አንዲት ቍና እህል የእኔ ነው የሚለው የሌለው ጎበዝ ቢጠጣና ቢሳደብ፥ ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን ሳይክዱ ምንጩን ከአባትዬው ጎተራ ይፈልጉታል። ብዙ ጊዜም ዕርቁ ሲፈጸም አባት አንድ ወይፈን ወይም አንድ ማሳ ለመስጠት ይስማማል፤ ካልተስማማ ግን ምርቃቱ ብዙም አይሰነብትም።

የጥያቄው ፍሬ ነገር መሬት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አለን ሆበን በጎጃም በዳሞት ያለውን የርስት ሥርዓት መርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚጠየቅ መብት ነበረ። ስለዚህ አባቱ ፊት የነሣው ልጅ በእናቱ ዘመዶች ዘንድ ሄዶ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ የአጎትም ቃል የሚከብደው ከፊሉ በዚህ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ የርስት ክርክር ቀረ፥ ወጣቱም መሬት የሚጠብቀው ከገበሬ ማኅበር ሆነ። በዐማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው ድልድል በኋላ የደረሱት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ድርሻ ስላላገኙ፥ ዐይናቸው እንደ ገና በወላጆቻቸው ይዞታ ላይ አርፏል። አጎት ግን እንደ ቀድሞው የሚያካፍለው ርስት የለውም።

ወላጅ በእጁ የቀረለት ኀይል እርግማን ነው። ይህን ኀይል ሁሉም ይፈሩታል፥ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን ባለቤቱ ነው፤ የተረገመ ልጅ ዘር አይባረክም ስለሚባል የሚረግም አባት የገዛ የልጅ ልጆቹን ይነካል። እናት ልጇን ስለ ጠባው ጡት ብላ ትለምነዋለች እንጂ ለመርገም አትቸኩልም። ጽኑ ቂም የያዘ ወላጅ ወደ ሕግ ቢሄድም መንገዱ ጠባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ተናዛዥ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ እንዲጽፍ ያዝዛል። ያው ሕግም፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግም፥ ወላጅና ልጅ ሠርቶ መኖር ያልቻለውን እርስ በርሳቸው እንዲቀልቡ ያስገድዳሉ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላትም ይህን ግዴታ ፈጽሞ አይቈርጠውም።

ሽማግሌ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ዕብደት የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዐሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዓመታት፥ ይኸውም ጥጋብ በሚጠረጠርበት በዚያው ዕድሜ ነው። ሌሊት የማይተኛ፥ ለብቻው የሚናገር፥ ምግቡን መርዝ አለበት ብሎ የሚተው ልጅ መጀመሪያ ባለጌ ይባላል፤ ቀጥሎ ጋኔን ወይም ዛር ይዞታል ይባልና ጠበል ይወሰዳል፥ አንዳንዱም በዚያ በሰንሰለት ይታሰራል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ በተደረገው ጥናት ከተገኙት ጽኑ ሕሙማን እጅግ የሚበዙት በዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ ያልታዩ ነበሩ። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ስለ ነበረ፥ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ቤተ ሰብ የመንገዱ ወጪ ብቻ አንድ በሬ ያሸጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ድንጋይ አሸክመው ቢያስታርቁትም በማግሥቱ ያው ነው፤ አባትም ዕርቁን እንዳፈረሰበት ቈጥሮ ዳግመኛ ያኮርፈዋል። ነገሩ ሌላ መሆኑን ብዙ ጊዜ አስቀድማ የምትጠረጥረው፥ ሌሊት የልጇን እግር ኮቴ ስትሰማ የምታድረው እናት ናት።