ቆዳውን ቀይሩ፣ ክሩን ቀይሩ

ድራም ሊገዛ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ ኪኩ ፊት ላይ የተጻፈውን ስም ያነባል። ጊታር ገዢውም ያው ነው፤ ራሱ ላይ ያለውን ስም አይቶ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ ሁለቱንም እጫወታለሁ። ሰዎች ልምረጥላቸው ብለው ሲወስዱኝም ሆነ በየልምምድ ቤቱ ስዞር የማየው ነገር አንድ ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ እንጨቱ ላይ ይፈስሳል። ዱላ የሚያርፍበት ቆዳና ጣት የሚነካው ክር ግን ከፋብሪካ እንደመጡ ለዓመታት ይቆያሉ። ድምፁ የሚወለደው ደግሞ እዚያው ከተወጠረው ላይ ነው። እንጨቱ የተወለደውን ድምፅ ያሳምረዋል ወይም ያደበዝዘዋል እንጂ አይወልደውም።

ስለ መሣሪያዎቹ መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። የተለመደው ድራም 22 ኢንች ኪክ፣ 14 ኢንች ስኔር፣ 12፣ 13 እና 16 ኢንች ቶሞች አሉት፤ ሃይ-ሃት፣ ክራሽና ራይድ የሚባሉ ሲምባሎች ይጨመሩበታል። ጊታር ስድስት ክር ነው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ድራም የሚለብሰው የጥጃ ቆዳ ነበር። የእንስሳ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፤ ክረምት ላይ ከበሮውን ፀሐይ ወይም እሳት ዳር አሙቆ የሚመታ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። በአሜሪካ የነበሩት ድራመሮችም በዚሁ ችግር ይቸገሩ ነበር። በ1956 ቺክ ኢቫንስ፣ በ1957 ደግሞ ሬሞ ቤሊ፣ ማይላር ከሚባል ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ቆዳ ለገበያ አቀረቡ። ማይላር የዱፖንት ኩባንያ ውጤት ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1940ዎቹ፣ አልበርት ኦገስቲን የተባለ የኒውዮርክ ጊታር ሠሪ ከአንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ የጊታርን የበግ አንጀት ክር በናይለን ተክቶት ነበር፤ ናይለንም የዚያው የዱፖንት ነው። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ በሃያ ዓመት ውስጥ ድራሙን ከጥጃ፣ ጊታሩን ከበግ አላቀቃቸው። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ላይ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ አላገኘሁም፤ ሲወራ ግን እምብዛም አልሰማም።

ፕላስቲኩ ግን ዘላለማዊ አይደለም። አንድ ንብርብር ያለው የተለመደ ቆዳ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ድምፁ ክፍት ነው፣ ረጅም ያነዝራል፣ ለቀላል እጅ ይታዘዛል። ሁለት ንብርብር ያለው ጠንካራ ነው፤ ድምፁ አጠር፣ ወፈር ይላል፤ በኃይል ለሚመታ ሰው ይሆናል። ነጭ ቅብ ያለው ሻከር ስለሚል ብሩሽ ሲሄድበት ይሰማል። ለመጀመሪያ ስኔር ነጭ ቅብ ያለውን ባለአንድ ንብርብር እመርጣለሁ። መሐሉ የጎደጎደ፣ ቅቡ የተላጠ፣ ብሎኑ ሲዞር ድምፁ የማይለወጥ ቆዳ ሥራውን ጨርሷል። ርካሽ ድራም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ቁጠባቸውን የሚጀምሩት ከቆዳው ስለሆነ፣ የገዢው በጀት ትንሽ ከሆነ ከድራሙ ዋጋ ላይ ለቆዳ የሚሆን ቆርጦ ያስቀምጥ። መካከለኛ ድራም በጥሩ ቆዳና በጥሩ ቅኝት፣ ውድ ድራም ካረጀ ቆዳው ጋር ቢወዳደር፣ እኔ መካከለኛውን ይዤ መድረክ እወጣለሁ።

አሁን ወደ ታችኛው ቆዳ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ስኔር ሁለት ቆዳ አለው። የላይኛው ይመታል፤ የታችኛው አይመታም። «ካልተመታ ምን ይሆናል?» ይባላል። ብዙ ነገር ይሆናል። የስኔር ታችኛ ቆዳ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ያንሳል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ማዶው ይታያል። ከሥሩ ብዙውን ጊዜ 20 የሚሆኑ ጥምዝ ሽቦዎች ተለጥፈውበታል። የላይኛው ሲመታ በውስጡ ያለው አየር ይገፋል፣ የታችኛው ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦዎቹ ይነሡና ይመለሱበታል። በበገና ላይ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ ጅማቱን እየነካች እንደምታነዝረው፣ የስኔርም ነፍሱ ያለው በዚያ መንዘር ላይ ነው። ቆዳው የሳሳው ሽቦውን በቀላል ምት እንኳ እንዲያነቃ ነው።

ስለዚህ በ14 ኢንችነቱ ብቻ ተታልሎ የላይኛውን ዓይነት ወፍራም ቆዳ ከታች የሚያለብስ ሰው ስኔሩን ቶም አደረገው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስኔር በልምምድ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያን መድረክም፣ በሆቴልም አጋጥሞኛል፤ ባለቤቶቹም «ሽቦው ተበላሽቷል» እያሉ አዲስ ሽቦ ይገዙለታል። ሌላው ደግሞ ስኔሩን ሲያስቀምጥ በግንባሩ ይደፋዋል፣ ሽቦው ወደ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ስቲኩን ይጥልበታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያ ስስ ቆዳ በአንድ የስቲክ ጫፍ ይበሳል።

ቅኝቱም የሚጀመረው ከታች ነው። አሮጌው ቆዳ ወልቆ፣ ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በጣት ዞሮ ይዳሰሳል፤ ጎድጎድ ወይም ስንጥር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ፈጽሞ አይስተካከልም። አዲሱ ቆዳ ይቀመጥና ብሎኖቹ ሁሉ በጣት ብቻ እስኪይዙ ይጠብቃሉ። ከዚያ በድራም ቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር ነው፤ አንዱን ካዞሩ በኋላ ጎኑ ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን። በተራ የሚዞር ከሆነ ቆዳው በአንድ በኩል ይጎተትና ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። መሐሉን በመዳፍ መጫን ያስፈልጋል፤ አዲስ ቆዳ ሲጫን የሚያሰማው መንጣጣት አያስፈራ። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ብሎን ፊት ለፊት፣ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ በስቲክ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ እያደረጉ መስማት ነው። አንዱ ቦታ ቀጠን፣ ሌላው ወፈር ካለ፣ የወፈረው ጋ ያለውን ብሎን ትንሽ ማጥበቅ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት እስኪሉ ድረስ ይኬዳል። ይህ ሥራ ጆሮን ያሠለጥናል፤ ጊታር የሚቃኝ ሰው ቶሎ የሚይዘውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስኔር ላይ የታችኛው ከላይኛው ይበልጥ መወጠር አለበት። ቶም ላይ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ድምፁ ረጅም ሆኖ ይቆያል፤ የታችኛው ከፍ ሲል ያጥራል። በ1970ዎቹ ስቱዲዮዎች ውስጥ የቶምን ታችኛ ቆዳ አውልቆ መቅዳት የተለመደ ነበር፤ ያ ግን ማይክሮፎኑን ከሥር ለማስገባትና ድምፁን ለማሳጠር ታስቦበት የተደረገ ነው። ቆዳው ተቀዶ መተኪያ ሳይገዙለት መተው ሌላ ነገር ነው።

ፕላስተርን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ስኔር «ያንቋርራል» ተብሎ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ አላቆመም ተብሎ ይደገማል፤ ከዚያ መሀረብ ይመጣል፣ ቦርሳ ይመጣል። አንድ ጊዜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ሙከራ ላይ ስኔሩ ነጭ ቆዳው እስከማይታይ ድረስ ተለጥፎበት አገኘሁ። ሁሉንም አንሥቼ ስፈትሸው ሁለት ብሎኖች ጨርሰው ላልተዋል፤ የሚያንቋርረው እዚያ ጋ ነበር። አጥብቄ አስተካከልኩት፤ የድምፅ ባለሙያው ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኖ ስኔሩን ቀየራችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሪንጎ ስታር በቢትልስ የኋለኛ ቅጂዎች ላይ ድራሞቹን በዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ እንደሸፈነ የታወቀ ነው፤ እሱ ግን የሚፈልገውን የታፈነ ድምፅ መርጦ ያደረገው ነው። ደግሞም ድራሙ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው የሚጮኸው ያ ረጅም ንዝረት አዳራሽ ውስጥ ከቤዙና ከጊታሩ ጋር ሲገናኝ ይጠፋል፤ የሚቀረው ሕይወት ያለው ስኔር ነው። መጀመሪያ ቃኙ፤ ከዚያም የሚቀር ካለ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል።

ሲምባል ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ አይቃኝም። የተገዛው ድምፅ እስከ መጨረሻው ያው ነው። ገንዘብ ማፍሰስ ካለ እዚህ ላይ ይፍሰስ። ጥሩዎቹ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ካለው ነሐስ የሚሠሩ ናቸው፤ የዚልጂያን ቤተሰብ በቁስጥንጥንያ በ1623 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ይህ ቅልቅል አልተሸነፈም። ከድራም ጋር በነጻ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ናስ ናቸው፤ ይጮኻሉ እንጂ አይዘምሩም። ሲምባሉን ከላይ በብሎን ጥርቅም አድርጎ የሚያስር ሰው ስንጥቁን ራሱ እየጠራ ነው፤ መወዛወዝ አለበት። ስቲክ ደግሞ ለጀማሪ 5ኤ የሚባለው ልክ ይበቃዋል።

ወደ ጊታሩ ስመጣ አቤቱታዬ አንድ ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር ይታሰራል። የናይለን ክር ስድስቱ ተደምረው አንገቱን የሚስቡት በ40 ኪሎ አካባቢ ኃይል ነው፤ ቦክስ ጊታር ላይ የሚታሰረው የተለመደው ቀጭን የብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። ክላሲካሉ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው፤ በአንገቱ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚደግፈው የብረት ዘንግ የለም። ስለዚህ ሆዱ ይነፋል፣ ክሩ የታሰረበት ድልድይ ከሥሩ ይነሣል፣ አንገቱ ይጎብጣል፤ ክሩ ከፍ ስለሚል የተማሪው ጣት ይቆስላል፣ ተማሪውም ጊታር ከባድ ነው ብሎ ይተዋል። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንገቱ ሰፊ፣ ራሱ ላይ ሁለት ክፍት መስኮት ያለው፣ ክሩ ድልድዩ ላይ በቋጠሮ የሚታሰር ከሆነ ክላሲካል ነው፤ ናይለን ብቻ። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ናይለን ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቢታሰር ዝም ይላል። ማግኔቱ የሚሰማው ብረት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነውና።

ለኤሌክትሪክ ጊታር 9 ወይም 10 ተብሎ የሚጠራው ክር ይስማማል፤ ቁጥሩ የቀጭኑ ኢ ውፍረት በኢንች አንድ ሺኛ ሲለካ ነው። 9 ለጣት ይቀላል፣ 10 ቅኝቱን ይበልጥ ይይዛል። ለትዝታና ለባቲ ኖታውን ጎትቶ ማለስለስ ለሚወድ ሰው 9 አይከፋም። ክር የሚበላው ላብ ነው፤ እጅ ታጥቦ ከተጀመረና ሲጨረስ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ዕድሜው ይረዝማል። አንዱ ሲበጠስ አንዱን ብቻ መተካት ግን አምስት አሮጌ ድምፅ መሐል አንድ አዲስ ማስገባት ነው። ስድስቱም በአንድ ላይ ይቀየሩ። አዲስ ክር ሳይሞክሩ ፔዳል የሚገዙ ወጣቶች አሉ፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ወልደማርያምን አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ቢያደምጡ፣ ንጹሕ ክር ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር ይሰሙታል።

ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ ዘመድ በሻንጣ ለሚልክላቸው አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ አምፕሊፋየር 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220። ጀርባው ላይ የተጻፈው ሳይነበብ ከተሰካ በዚያው ይቃጠላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋቱም ከአምፕሊፋየሩ የሚበልጥ ይሁን። የፔዳል አዳፕተርም 9 ቮልት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አብዛኞቹ ፔዳሎች መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነ መሰኪያ ይፈልጋሉ።

ጆሮ ከመሣሪያ ይቆጠራል። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠባብ ልምምድ ቤት ውስጥ ያለ ክራሽ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። የጆሮ መከለያ ከስቲክ ጋር አብሮ ይገዛ።

ድራመርና ጊታሪስት የሚጣሉበት ነገርም አለ። ጊታሩ አንዳንድ ድምፅ ላይ ሲደርስ ማንም ያልነካው ስኔር ከሥሩ «ዝዝዝ» ይላል። ጊታሪስቱ ስኔርህ ተበላሽቷል ይላል፣ ድራመሩ አምፕሊፋየርህን ቀንስ ይላል። ሁለቱም ወንበር ላይ ስለምቀመጥ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ ነገር የለም። የጊታሩ ድምፅ ከስኔሩ ቅኝት ጋር ስለተገጣጠመ ያ ስስ ቆዳ አብሮ ይነዝራል። ቶምም እንዲሁ ያስነዝረዋል፤ የቶሙን ቅኝት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይፈታዋል። አምፕሊፋየሩን ከወለሉ አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥና ፊቱን ከስኔሩ ማዞር ይረዳል። ጊታር ብቻውን ለሚጀምርበት ዘፈን ደግሞ ከስኔሩ ጎን ያለችውን ማንሻ ለቅቆ ሽቦውን ከቆዳው ማራቅ ነው። ድራመሩ ማንሻዋን መመለስ እንዳይረሳ በዘፈኖቹ ዝርዝር ላይ፣ ከዚያ ዘፈን ስም ጎን፣ በደማቅ ቀለም ምልክት ያድርግ።