ኮንትራት ነው?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ያስቆመ ሰው ሌላ ነገር ከመባሉ በፊት «ኮንትራት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። አይደለም ካለ ቀድመው ከገቡት ጎን ጠበብ ብሎ ይቀመጥና የድርሻውን ከፍሎ መንገዱ ላይ ይወርዳል። ነው ካለ ሰማያዊዋ ባጃጅ እስኪደርስ ድረስ የእሱ ናት፤ ሒሳቡም እንደዚያው። ከተማዋ እንደ ምጣድ ለጥ ያለች በመሆኗ ብስክሌትም አላት። የፋብሪካ ሠራተኛውም ተማሪውም በዘንባባው ጥላ ሥር ሲፈተለክባት ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው፣ ለብስክሌተኛና ለእግረኛም የራሳቸውን መስመር ሰጥቷል።

እንግዲህ በየብስ ያለው ይህ ነው፤ ድሃውም ሀብታሙም በአቅሙ ይሄዳል። ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ግን ያቺ ጥያቄ ትቀራለች። በየመዝናኛው ጥግ የታሰሩት ባለሞተር ጀልባዎች ሁሉም ኮንትራት ናቸው። ክብራን ገብርኤል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደርሶ መልስ፣ አስጎብኚ፣ ፎቶግራፍ። ከደቅ ደሴት ለሕክምና መጥታ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት አንድ መቀመጫ ብቻ ልግዛ ብትል ዋጋውን የሚነግራት የለም።

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በውኃ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ከዚህም ያጥራል። በመኪና የሚሄደው ግን በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ፣ አዘዞ ላይ ታጥፎ፣ በቆላ ድባ በኩል ይወርዳል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሐይቁን መዞር ማለት ይኸው ነው። መናኸሪያ ውስጥ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮኸው ረዳት አንድ ሰው ያለው ገና አራት ወንበር ባዶ እያለው መሆኑን ተሳፋሪው ያውቃል፤ ቢሆንም ይገባል። ከኬላው አለፍ ሲል ደግሞ መተላለፊያው ላይ ዱካ ተዘርግቶ ትርፍ ይጫናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ በክልሉ ግጭቱ ከተነሣና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ ከታሪፉም ከወንበሩም በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ መጥቷል፦ «መንገዱ ክፍት ነው?» ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጠዋትና ከሰዓት ላይ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠራ፤ ያሰበው ለራሱ ጭነት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት የሐይቁ መርከብ የባላገር መርከብ ሆነ። እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ይነሣል፣ ደቅን ይነካል፣ ቁንዝላ ላይ ያድራል፣ በማግስቱ በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ ይገባል። እህል፣ ጌሾ፣ ዶሮ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ አንዳንዴም መንገድ የጠፋበት የሚመስል ፈረንጅ አንድ ላይ ይጫናሉ። በሳምንት አንዴ ነበር፤ አዝጋሚም ነበር። ግን አንድ መቀመጫ ይሸጥ ነበር።

ምን አዳከመው? አስፋልቱ አንዱ ነው፤ መኪና በአንድ ቀን የሚያደርሰውን ሰው ቁንዝላ ላይ አድረህ ሂድ ማለት አይቻልም። ውኃውም የራሱ ጣጣ አለው። በጨረጨራ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲባል መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዝናብ ባጠረበትና ለመብራት ብዙ ውኃ በተለቀቀበት ጊዜ ሐይቁ ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወርዶ መርከቦቹ ቆመው ነበር። ቀጥሎ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ። ከ2004 ዓ.ም. አንሥቶ በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳሩን ሲሸፍን ጀልባ እንኳ መጠጊያ አጣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አስፋልት ለዘጌም፣ ለቁንዝላም፣ ለጎርጎራም አማራጭ ሰጥቶ ይሆናል፤ ደቅ ግን ደሴት ናት። መርከቡ ሲዳከም ለእሷ የተተካላት ነገር የለም።

ታንኳ አለ፣ እርግጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዳሩ ላይ ቆሜ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣውን አየሁ። ከሩቅ ሲታይ ሰውዬው በውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ ታንኳው እስከ አፉ ሰምጧል። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ሙያውም ከሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ከወይጦዎች ጋር የኖረ ነው። ውኃ ከሥሩ ይገባል፣ ግን አይሰጥምም፤ የሚንሳፈፈው ራሱ ደንገሉ ነውና። ሰውዬው እንጨቱን አራገፈ፣ ታንኳውን ጎትቶ አወጣና እንደ መሰላል አቁሞ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ከከበደ ይበሰብሳል፤ ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው።

ይህ ደንገል ግን አትላንቲክንም አቋርጧል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» ያላትን የደንገል መርከብ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነው። ያቺ ሳትደርስ ቀረች። በዓመቱ ሁለተኛዋን ሲያሠራ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቦሊቪያ፣ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎችን አስመጣ፤ እነሱም በገዛ ሐይቃቸው ቄጠማ ጀልባ ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። «ራ 2» በ57 ቀን ከሞሮኮ ባርቤዶስ ገባች። ሁለቱ ሐይቆች የተዋወቁት በአንድ ጀልባ ወገብ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ቲቲካካን ያነሣሁት ለወሬ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ከላ ፓዝ ወደ ኮፓካባና የሚሄደው አውቶቡስ ቲኪና ከተባለው ጠባብ ወሽመጥ ሲደርስ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ አውቶቡሱ በእንጨት ታንኳ ላይ ተጭኖ እየተወዛወዘ፣ ሰዉ ደግሞ ለብቻው በትንሽ የሞተር ጀልባ ይሻገራል። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል። ድልድይ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ እንጀራቸው በዚያ የሆነ የወሽመጡ ሰዎች ተቃወሙ። ልክ ናቸው አይደሉም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ግን ሐይቁ መንገድ መሆኑን ማንም አልረሳም።

እዚያው ቲቲካካ ላይ፣ በፔሩ በኩል፣ «ያቫሪ» የምትባል መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1862 እንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ፣ በበቅሎ ጀርባ ተራራውን ወጥታ፣ ተገጣጥማ ውኃ የነካችው በ1870 መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ጣና የመጣችው የእኛዋ ጀልባ «ጣናነሽ 2» በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ በየብስ ስትጓዝ፣ ሰዉ በየከተማው ወጥቶ ሲያያት፣ ያቺን የበቅሎ መርከብ ማስታወሴ አልቀረም። ይህን ያህል ደክመን ያመጣናት ጀልባ ለጎርጎራ ሪዞርት እንግዳ ብቻ እንዳትሆን ነው ስጋቴ። ደቅ ላይ ቆማ፣ ጌሾ የተሸከመችን ሴት በአንድ ሰው ሒሳብ የምትጭን ከሆነ ግን ያ ሁሉ የየብስ ድካም ይገባታል።

እንጨት የጫነውን ታንኳ ባየሁበት ቅዳሜ፣ ከዳሩ ዋርካ ሥር አንድ መነኩሴ በዳባቸው ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነው፣ አባ?»

«ወደ ደቅ፣ ልጄ።»

«ጀልባ አለ?»

«ፈረንጅ ከመጣ ይኖራል። እነሱ ሲሄዱ ባለጀልባው ከኋላ ያስቀምጠኛል።»

«ካልመጣስ?»

አቀርቅረው መቋሚያቸውን በመሬቱ ላይ አሽከረከሩት። ከመዝናኛው በኩል አንድ ባለጀልባ ሞተሩን እየጠረገ ሁለታችንንም ቀና ብሎ አየንና፣ ካሜራ አለመያዜን ሲያይ፣ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።