ሁለት ሰንበት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዲስ ዓለም ይደርሳል። ኮረብታው ላይ ያለችው ጽዮን ማርያም የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሥራ ናት፤ ንጉሡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከተማዋን መናገሻ ሊያደርጓት አስበው ነበርና፣ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ዋለ። እሑድ ጧት ቅዳሴው ሲያልቅ የማኅበር አባላት በሰንበቴ ቤት ተሰብስበው ጠላና ዳቦ ይቀምሳሉ፣ ችግረኛም አብሯቸው ይበላል። ልማዱን አጥብቆ የያዘ ኦርቶዶክሳዊ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ቅዳሜም በሬ አይጠምድም።

የመካነ ኢየሱስና የሌሎች ወንጌላውያን ምእመናን አምልኳቸውን እሑድ ያደርጋሉ። ይኸው አውራ ጎዳና አምቦንና ነቀምትን አልፎ ጊምቢ ሲደርስ ደግሞ ለብዙ ዘመን በአድቬንቲስቶች የሚተዳደር ሆስፒታል ይገኛል፤ እነርሱ ከዓርብ ጀምበር መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ጀምበር መጥለቅ ሥራ አቁመው ቅዳሜ ያመልካሉ። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው በተለያየ ቀን የሚሰበሰቡ ሰዎች በአንድ መንገድ ዳር ይኖራሉ ማለት ነው። ክርስቲያን መሰብሰብ ያለበት መቼ ነው?

ክርክሩ ከክርስትና ልጅነት ጀምሮ የነበረ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ደቀ መዛሙርት በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንጀራ ለመቁረስ መሰብሰባቸውን ይነግረናል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጻፈው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ምእመናን እሑድ ተሰብስበው መጻሕፍት እንደሚያነቡና ቁርባን እንደሚቀበሉ ገልጿል፤ ምክንያቱም ክርስቶስ የተነሣበት ቀን በመሆኑ ነው። ቆስጠንጢኖስ በ321 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ደነገገ። በዚያው ክፍለ ዘመን የሎዶቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች በቅዳሜ ሥራ መፍታታቸውን ከለከለ። ሰው የማያደርገውን ነገር ማንም አይከለክልምና፣ ክልከላው ራሱ ብዙዎች ቅዳሜን ያከብሩ እንደነበር ይመሰክራል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የከረረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በሰሜኑ አገር ሁለቱም ሰንበታት፣ ቀዳሚትም እሑድም፣ እኩል ይከበሩ ብለው አስተማሩ። መከራከሪያቸው ቀጥተኛ ነበር፤ ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ሰንበትን አክብር ይላል፣ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ የተባሉት የሥርዓት መጻሕፍትም ሁለቱን ቀን ያዛሉ። ጳጳሱን የምትልከው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን የቅዳሜን ሰንበት አትቀበልም ነበር፤ ብዙ የአገር ቤት ካህናትም የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው አወገዙት። ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ወጡ። በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው በ1352 ገደማ በአርመን አገር ዐረፉ።

ደቀ መዛሙርታቸው አልተበተኑም። ክህነት ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥትም ከጳጳሱም ተገልለው በዳር አገር ገዳማት መሠረቱ፤ ከእነዚህም ደብረ ቢዘን ስሙ ገናና ነው። በ1400 የገዳሙ አበምኔት አባ ፊልጶስ ከሌሎች ጋር ተጠርተው ሰንበትን እንዲተዉ ቢጠየቁ እምቢ አሉና ታሰሩ። ከአራት ዓመት በኋላ አፄ ዳዊት አስፈትተው እንደ ሥርዓታቸው ሰንበትን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው።

የመጨረሻው ውሳኔ የመጣው በልጃቸው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1450 በሸዋ ተጉለት ውስጥ በምትገኘው ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተጠራ። ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፣ ቀዳሚት ሰንበት እንድትከበር ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ክህነትን ከጳጳሳቱ ለመቀበል እሺ አሉ። ንጉሡ ዋና ጉዳያቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ አንድነት እንደነበር ግልጽ ነው። እርቁ ጸንቶ የቆየው ሁለቱም ወገን ለሌላው አንድ ነገር ስለሰጠ ይመስላል። ለመቶ ዓመት ከቤተ ክህነት ተገፍተው የኖሩ መነኮሳት ትምህርታቸው የአገር ሥርዓት ሲሆን ማየት በታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም፤ ሊነገርም ይገባዋል።

ውሳኔው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው ሊነቅሉት የሞከሩ ሲመጡ ነው። የፖርቱጋል ሰዎች ኢትዮጵያውያንን አይሁድ ትመስላላችሁ ብለው በነቀፉ ጊዜ፣ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ቀዳሚትን የምናከብረው እንደ አይሁድ ሳይሆን ቁርባን እያሳረግንበትና ማዕድ እያቀረብንበት ነው ሲሉ መለሱ። አፄ ሱስንዮስ ግን ኢየሱሳውያን ከተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር ሲስማሙ ሰው ቅዳሜ እንዲሠራ አዘዙ። አመፅ ተነሣ፣ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ የቀደመው ሥርዓትም ተመለሰ። በአዋጅ ሰንበትን ከገበሬው እጅ መንጠቅ አልተቻለም።

ዛሬ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትይዛለች፤ የበላይነቱ ግን የእሑድ፣ የትንሣኤው ቀን ነው። በቅዳሜና በእሑድ እስከ ከሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል አይፈቀድም፤ ከዓመቱ ቅዳሜዎች አንዷ ብቻ፣ የሕማማቱ ቀዳም ስዑር፣ በጾም ታልፋለች። አድቬንቲስቶች በ1907 አስመራ የገቡ ጊዜ ስለ ቅዳሜ ማስተማር የጀመሩት እንግዲህ ቀኑን ለዘመናት ሲያከብር በኖረ ሕዝብ መካከል ነበር። ለእነርሱ ሰንበት አንዱ ሰባተኛው ቀን ብቻ ነው፤ ለወንጌላውያኑ አብዛኞቹ ደግሞ እሑድ በቂ ነው፣ የብሉይ ሕግ በክርስቶስ ተፈጽሟል ብለው ያስተምራሉና።

የዕለት ኑሮው ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ጫና ያሳርፋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሳምንቱን ዕረፍት በመሠረቱ ከእሑድ ጋር ያያይዛል፤ ቅዳሜን የሚያከብር ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር መነጋገር ይጠበቅበታል። የአምቦ ትልቁ ገበያም የሚውለው ቅዳሜ ነው። ማረሻውን ያሳረፈ ገበሬ ጤፉን ጭኖ ገበያ ይወጣል፤ አጥባቂ አባቶች ይህን ይወቅሳሉ፣ ገበሬው ግን ጨውና ሳሙና የሚያገኘው በዚያው ቀን ነው።