«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ ፍሪጅ ሲበላሽ ሙቀቱን ተከተሉት

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ታዲያ ምን ሊሠራ ተገዛ? ትሉ ይሆናል። ሥራው ከሆዱ ውስጥ ሙቀት እየቀዳ ወደ ማእድ ቤታችሁ መድፋት ነው። የውሃ ፓምፕ ውሃን ከጉድጓድ ወደ ላይ እንደሚገፋው ሁሉ፣ ፍሪጅም ሙቀትን ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ቦታ፣ ማለትም በራሱ ወደማይሄድበት አቅጣጫ ይገፋዋል። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሙቀት ፓምፕ ይባላል። በብዙ የከተማ ቤቶች ውስጥ አንድ አለ፤ ስሙን ግን ማንም እንዲያ ብሎ አይጠራውም።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ፍሪጁ ጀርባ ወይም ጎን አስጠጉ። ለብ ያለ ነገር ይሰማችኋል። ያ ሙቀት ከወተቱ፣ ከቲማቲሙ፣ ማታ ሳይበርድ ከገባው ሽሮ የወጣ ነው፤ ሞተሩ የበላው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ ተደምሮበታል። ለዚህ ነው የፍሪጅን በር ከፍቶ ቤትን ማቀዝቀዝ የማይቻለው። ከፊት የወሰደውን ከጀርባ ይመልሰዋል፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ።

ይህቺን አንዲት ሐሳብ ከያዛችሁ ፍሪጅ ሲበላሽ የምትጠይቁት ጥያቄ ይቀየራል። «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «ሙቀቱ የት ላይ ቆመ?» ትላላችሁ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በገንዘብ የሚተመን ነው። ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል ሳይመረመር ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ጋዙ አልቋል» የሚል ነውና። ጋዝ ይሞላል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍሪጁ ተመልሶ ይሞቃል።

ጋዙ ምን ይሠራል?

ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የሳይንስ መጽሐፋችሁ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቴርሞሜትር ብትከቱበት 92 ገደማ ላይ ሲፈላ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከላይ የሚጫናት አየር ሳስቷል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ግፊት ሲጨምር ለመፍላት ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል።

አሁን ሌላ ነገር አስታውሱ። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ነርሷ ክንዳችሁን በአልኮል ስትጠርግ ቀዝቀዝ ይላችኋል አይደል? አልኮሉ ሲተን ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቆዳችሁ ስለሚወስድ ነው። በቃ፣ ፍሪጅ ማለት የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች ድምር ነው።

በዛሬዎቹ ብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ አይሶቡቴን ይባላል፤ በንግድ ስሙ አር 600ኤ። በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምፕረሰሩ፣ በተለምዶ «ሞተሩ» የምንለው፣ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ይሞቃል። በጀርባ ወይም በጎን ባለው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ ተጨናንቆ ያልፍና ድንገት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከምግባችሁ ይወስዳል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሞተሩ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዙር ውስጥ ጋዙ አልነደደም፣ አልተበላም። እንደ መኪና ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቱቦው ዙሪያውን የተበየደ ነው፤ ጋዙ ከፋብሪካ እንደገባ እስከ ፍሪጁ ዕድሜ ፍጻሜ እዚያው ይዞራል። ስለዚህ ጋዝ በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

መጠኑም የሚያስገርም ነው። በብዙ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ነው፤ ፈሳሽ አድርጋችሁ ብትቀዱት 50 ግራሙ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አያልፍም። በጥቂት ግራም መሳሳት እንኳ ፍሪጁን ያውከዋል፤ ስለዚህ ያለ ሚዛን፣ በግምት የሚሞላ ጋዝ ቢያጠራጥራችሁ ትክክል ናችሁ።

ምርመራው

ሐኪም መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ይዳስሳል፤ መርፌው ኋላ ነው የሚመጣው። እናንተም ከሦስት ነገሮች ጀምሩ፦ ሞተሩ ይሠራል? ጀርባው (ወይም ጎኑ) ይሞቃል? ውስጡ ምን ያህል ቀዝቅዟል? ለሦስተኛው አንድ ብርጭቆ ውሃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩና ጠዋት ቴርሞሜትር ክተቱበት። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፍሪጁ ጤነኛ ነው፤ ወተቱን ያበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ሞተሩ እየሠራ፣ ጀርባው እየሞቀ፣ ውስጡ ግን አልቀዘቅዝ ካለ ሙቀት እየወጣ ነው ማለት ነው። ጋዙም አለ፤ ባይኖር ኖሮ ምን ተሸክሞት ይወጣ ነበር? እንግዲህ ጥርጣሬው የሚዞረው ወደ ሌላ ነው፤ ወይ ሙቀት ከሚወጣው በላይ እየገባ ነው፣ ወይ እንደልቡ መውጣት አልቻለም። የብር ኖት በበሩ ላስቲክና በፍሪጁ አካል መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ላስቲኩ አልገጠመም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የተጋገረ ቆሻሻ ነው፤ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ፍሪጁን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉ፣ የጀርባውን አቧራ በብሩሽ ጥረጉ (መጀመሪያ ከሶኬት ነቅላችሁ!)። በደጋ ከተሞቻችን ደግሞ ይህ የበለጠ ዋጋ አለው፤ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳልና። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የቀለለ ነው፤ ፍሪጁን ግድግዳ ላይ አጣብቆ በላዩ ጨርቅ መደረብ ጭነቱን ያብስበታል።

ሌላው በጣም የሚያደናግረው ጉዳይ ይሄ ነው፦ ፍሪዘሩ ይቀዘቅዛል፣ የታችኛው ክፍል ግን ይሞቃል። በረዶ አይጋግሩም በሚባሉት ፍሪጆች ብርዱ የሚመረተው ከፍሪዘሩ ጀርባ ተደብቆ በተቀመጠ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ማራገቢያ አየሩን ወደ ታች ይገፋዋል። ፍሪዘሩ ከቀዘቀዘ ታዲያ ፓምፑ ሥራውን አልተወም፤ የቆመው አየሩ ነው። ወይ ጎመኑና የእንጀራው ፌስታል የአየሩን ቀዳዳ ዘግተውታል፣ ወይ ማራገቢያው ቆሟል፣ ወይ ደግሞ ከተደበቀው ቦታ ላይ በረዶ ጋግሯል። የመጨረሻውን በሙከራ መለየት ትችላላችሁ። ፍሪጁን አጥፍታችሁ፣ ባዶ አድርጋችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ስታበሩት ደህና ሠርቶ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ከሞቀ ጥፋተኛው ጋዙ አይደለም፤ በየጊዜው በረዶውን የሚያቀልጠው ትንሽ ማሞቂያ ወይም እሱን የሚያዘው ዳሳሽ ነው። ይህን ውጤት ለቴክኒሻኑ ስትነግሩት ግማሽ ሥራውን ጨረሳችሁለት።

አደራ፣ በረዶውን በቢላ አትፈልፍሉት። ከበረዶው ሥር ያለው ቱቦ ስስ አልሙኒየም ነው። «ጋዙ አልቋል» የሚለው ፍርድ እውነት እንዲሆን ከፈለጋችሁ አጭሩ መንገድ ይሄ ነው።

ሞተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነስ? በመጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። የውስጡ አምፖል መብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አምፖሉ ለሞተር በማይበቃ ደካማ ኃይልም ይበራል። ሞተሩ እምምም ብሎ «ጠቅ» ካለና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያንኑ ከደገመ፣ ለመነሳት እየታገለ መከላከያው እያጠፋው ነው። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ይህ ይከሰታል። በሞተሩ በአንዱ ወገን የተጨመቀ ጋዝ፣ በሌላው የሳሳ ጋዝ አለ፤ ሁለቱ እስኪስተካከሉ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሞተሩ ደግሞ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት የተሠራ አይደለም። መብራት ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት፣ ወይም ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር መጠቀም የሚመከረው ለዚሁ ነው። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ እያለም «ጠቅ» ማለቱ ከቀጠለ ከሞተሩ ጎን የተሰካው የማስነሻ ሪሌይ ይፈተሽ። ዋጋው ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም፤ ሞተር ይቀየር ከመባሉ በፊት እሱ ይታይ።

ክረምት ላይ ሌላ ተንኮል አለ። በአንዳንድ ፍሪጆች ቴርሞስታቱ ያለው በታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ማእድ ቤቱ ራሱ ከቀዘቀዘ ያ ክፍል ብዙም ሳይሞቅ ይቆያል፣ ሞተሩም የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚህ መሃል ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ መለስለስ ይጀምራል። የፍሪጁ ሰሌዳ ላይ «ኤን» ወይም «ቲ» የሚሉ ፊደላትን ፈልጉ፤ ሁለቱም ፍሪጁ የታሰበው ከ16 ዲግሪ ላላነሰ ክፍል እንደሆነ ይናገራሉ። ፍሪጁ አልተበላሸም፤ ቤቱ ነው የበረደበት።

በእርግጥ ጋዝ ሲጎድል

የጋዝ መጉደል ምልክት አለው። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጀርባው ጨርሶ ለብ ካላለ፣ ወይም ፍሪዘሩ ከአንድ ጥግ ብቻ በረዶ ይዞ ሌላው እርጥብ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው (የቀጭኑ ቱቦ መደፈንም ይህንኑ ሊያስመስል ይችላል)። ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ አይደለም። አይሶቡቴን የቡታጋዙ ዘመድ ነው፤ ይነዳል። ጋዝ ባለበት ቱቦ ላይ እሳት ማስጠጋት ለሞት ያበቃል። ካፓሲተር ደግሞ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ መጠየቅ ግን የእናንተም የወላጆቻችሁም መብት ነው። ቀዳዳው የት ተገኘ? ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጋዝ ነው የሚሞላው? በሚዛን ነው? ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በቫኩም ፓምፕ ይወጣል? ማጣሪያውስ ይቀየራል? እርጥበት ከቀረ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ጎበዝ ቴክኒሻን በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

የጋዙ ዓይነት ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ያዕቆብ ፐርኪንስ በዚህ ዑደት የሚሠራ ማቀዝቀዣ የፈጠራ መብት እንግሊዝ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ከዚያ በኋላ እንደ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያሉ መርዛማ ጋዞች ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። አልበርት አይንስታይን ራሱ ከሊዮ ዚላርድ ጋር የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፍሪጅ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ዓላማውም የሚያፈሱ መጋጠሚያዎችን ማስቀረት ነበር። በኋላ የመጡት መርዝ ያልሆኑ ጋዞች የኦዞንን ሽፋን ሲጎዱ ተገኙና በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት መወገድ ጀመሩ። የተተካው አር 134ኤ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን የሚያሞቅ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያሉትን ለመቀነስ አገሮች በ2016 ኪጋሊ ላይ ተስማሙ። ቀዳዳ ሳይደፍኑ ደጋግሞ መሙላት እንግዲህ ኪስን ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ቤት የሚያሞቀው ዘመድ

ይኸው ማሽን ዙሩ ሲገለበጥ ቤት ያሞቃል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በስዊድን ዘመድ ካላችሁ ከቤቱ ውጭ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ሣጥን አይታችሁ ይሆናል። ፍሪዘሩ ውጭው ዓለም ነው፤ የሚሞቀው ጀርባ ደግሞ ሳሎኑ። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ቢሆንም አየሩ ውስጥ ሙቀት አለ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ከዚያ እጅግ በቀዘቀዘ ሁኔታ ስለሚፈላ ይወስደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ አሃድ ኤሌክትሪክ አንድ አሃድ ሙቀት ይሰጣል። የሙቀት ፓምፕ ግን ሙቀቱን ስለሚሸከመው እንጂ ስለማያመርተው፣ አየሩ በጣም ካልከፋ ሁለት ወይም ሦስት አሃድ ያመጣል። ቴርሞስታቱ ላይ «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለውን ተጭኖ መርሳት ማለት ፓምፑን አሳርፎ ቤቱን በምጣድ ማሞቅ ነው፤ የወሩ ሂሳብ ይናገራል።

በክረምት ሣጥኑ ላይ ስስ አመዳይ መታየቱ ጤነኛ ነው። ማሽኑ በየጊዜው ዙሩን ገልብጦ ያቀልጠዋል፤ ያኔ ማራገቢያው ይቆማል፣ እንፋሎትም ወደ ላይ ይወጣል። ለሰዓታት ያልቀለጠ ወፍራም በረዶ ግን ጤነኛ አይደለም፤ ቅጠልና በረዶ አየሩን ዘግተው እንደሆነ፣ የውስጡ ማጣሪያም በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ ይታይ። እናም አንድ ቀን ዘመዳችሁ ደውሎ «ውጭ ያለው ማሽን እየጨሰ ነው!» ካላችሁ ማራገቢያው ቆሞ እንደሆነ፣ ሽታም እንዳለው ጠይቁት። ሽታ ከሌለውና በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከቆመ በረዶውን እያቀለጠ ነው። የሚሸት ከሆነ ግን እንፋሎት አይደለም፤ ብሬከሩን ያጥፋ።