«እስማማለሁ» ከማለታችን በፊት



በየመኝታ ክፍላችን ሁልጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። አንዱ ተማሪ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ፕሮግራሙን ይገለብጥለታል፤ ወዲያው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ረጅም ውል በኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ ይላል። ከውሉ ግርጌ «እስማማለሁ» የሚል ቃል አለ። ጓደኛችን አንዲት መስመር እንኳ ሳያነብ ቃሉን ይጫንና ወደ ሥራው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የሆንነው እኛም ብንሆን ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። ብዕር ያነሣንበት ምክንያት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገ ተመርቀን የራሳችንን ድርጅት ብናቋቁም ወይም በሰው ድርጅት ውስጥ ኀላፊነት ብንቀበል፥ ያ ያላነበብነው ውል ምን እንደሚያስከትል አብረን እንድንመረምር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን?

ለመሆኑ ሶፍትዌር ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው?

መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉን ሊያውሰው፥ ሊሸጠው፥ ሊያወርሰውም ይችላል። የሶፍትዌር ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ከፍለን የምንቀበለው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ንብረቱን ራሱን አይደለም። አባቶቻችን ርስትንና ኪራይን አጥብቀው ይለዩ ነበር። ባለ ርስት በመሬቱ ያዝዝበታል፤ ተከራይ ግን ውሉ በፈቀደለት ልክ ብቻ ይኖራል። የሶፍትዌር ደንበኛ ተከራይ ነው፤ ዋጋውን በሙሉ አንድ ጊዜ የከፈለ እንኳ ቢሆን፥ ከውሉ ወሰን ያለፈ እንደ ሆነ በሰው ግቢ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ከጥንት የነበረ አይደለም። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማለቂያ ድረስ ታላላቆቹ የኮምፒዩተር ሠሪዎች ፕሮግራሙን ከመኪናው ጋር አብረው ይሰጡ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በሰኔ ወር 1969 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራሞቹ ለብቻቸው ዋጋ እንደሚያወጣላቸው ካስታወቀ በኋላ፥ ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ሸቀጥ እየሆነ ሄደ። ይሁን እንጂ ይህ ሸቀጥ እንደ ጨውና እንደ ቡና አይደለም፤ አንዱን ሺህ አድርጎ ለመገልበጥ ይህ ነው የሚባል ወጪ አይጠይቅም። ስለዚህ ሻጩ ዋና መከላከያው ሕግና ውል ሆኑ።

በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት የአእምሮ ሥራዎች ጋር ቈጥሮታል። አዋጁ ሰው ለግል ጥቅሙ አንዳንድ ሥራዎችን እንዲገለብጥ ቢፈቅድም፥ ይህ ፈቃድ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም አይሠራም፤ ቅጂውን በሕግ የያዘ ሰው ግን ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት መተኪያ የሚሆን አንድ ቅጂ ሊያስቀምጥ ይችላል። እንግዲህ «ለራሴ ብቻ ነው የገለበጥሁት» የሚለው የተለመደ መከራከሪያችን በሕግ ፊት አያቆመንም።

ውሉ ረጅም ቢሆንም፥ አንድ ድርጅት ከውስጡ ፈልጎ ሊያገኛቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙ አይደሉም። እኛ በአራት ከፍለናቸዋል።

አንደኛው፥ ክፍያው የሚቈጠረው በምንድን ነው? የሚለው ነው። አንዳንዱ ውል በስም የተመዘገበውን ተጠቃሚ ይቈጥራል፤ አንዳንዱ ኮምፒዩተሩን፥ አንዳንዱ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሰዎች፥ አንዳንዱም የድርጅቱን ሠራተኞች በሙሉ ይቈጥራል። ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ የሒሳብ ድርጅት 12 ሠራተኞች አሉት እንበል። ከእነርሱ መካከል በፕሮግራሙ የሚሠሩት 4 ናቸው፤ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው በፈረቃ ይገባሉ። ውሉ በስም የሚቈጥር ከሆነ 4 ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን የሚቈጥር ከሆነ 2 ይበቃል፤ ሠራተኛውን ሁሉ የሚቈጥር ከሆነ ግን ዘበኛውና ተላላኪው ሳይቀሩ 12 ይሆናል። ሥራው ያው፥ ፕሮግራሙም ያው፤ ሂሳቡ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስድስት እጥፍ ይለያያል። ይህ የሐሳብ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን፥ ኦራክል የተባለው ኩባንያ በጥር ወር 2023 እ.ኤ.አ. ለጃቫ ፕሮግራሙ ያወጣው አዲስ የንግድ ውል ክፍያውን የሚተምነው በደንበኛው ሠራተኞች ጠቅላላ ቊጥር ነው፤ ጃቫን የነካውም ያልነካውም ይቈጠራል። አስቀድሞ ያወቀ ድርጅት ኦፕን ጄ.ዲ.ኬ. የሚባለውን በነጻ የሚገኘውን የጃቫ ዓይነት ሊመርጥ ይችላል፤ ያላወቀው ግን ዋጋውን የሚሰማው ደረሰኙ ሲመጣለት ነው።

የአቈጣጠር ነገር ከዚህም ይረቅቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ኤስ.ኤ.ፒ. የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዲያጆ የተባለውን የመጠጥ ኩባንያ በከሰሰበት ጕዳይ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ዲያጆ ለአገራችን እንግዳ ስም አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የሜታ አቦን ቢራ ፋብሪካ ገዝቶ ለዐሥር ዓመት ያህል የያዘው እርሱ ነው። ኩባንያው ለኤስ.ኤ.ፒ. በየተጠቃሚው ሲከፍል ቆይቶ፥ ኋላ ደንበኞቹ ራሳቸው የመጠጥ ትእዛዝ የሚሰጡበትን ሌላ መግቢያ ከሌላ ሻጭ በገዛው ፕሮግራም ሠራ። ደንበኞቹ የኤስ.ኤ.ፒ.ን ገጽ በዓይናቸው አያዩም፤ ነገር ግን ትእዛዛቸው በስተመጨረሻ የሚደርሰው እዚያው ነበር። ኤስ.ኤ.ፒ. እነዚህም ተጠቃሚዎቼ ናቸው ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። ዳኛዋ የገንዘቡን ልክ ለኋላ ትተው፥ በተዘዋዋሪ መንገድ የሚገባም ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲሉ በመሠረቱ ለኤስ.ኤ.ፒ. ፈረዱ። ክርክሩ ሁሉ የተነሣው «መግባት» እና «መጠቀም» የሚሉት ቃሎች በውሉ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆኑ ነው። በገንዘብ የማይታማ፥ ጠበቃ የማያጣ ኩባንያ በሁለት ቃል ከተሰናከለ፥ ትንሹ የእኛ ድርጅት ምን ያህል መጠንቀቅ ይኖርበት ይሆን?

ሁለተኛው፥ ፈቃዱ የተሰጠው ለምን ጕዳይ ነው? የሚለው ነው። ይህ እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ ይነካናል። የሥነ ሕንፃና የምሕንድስና ተማሪዎች በኦቶካድ ይማራሉ። ባለቤቱ ኦቶዴስክ ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው ፈቃድ ለትምህርት ብቻ ነው፤ ገንዘብ ለሚከፈልበት ሥራ አይሆንም። ለብዙ ዓመታት በተማሪ ቅጂ የተሠራ ፕላን ሲታተም በትምህርት ፈቃድ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በጠርዙ ላይ ይወጣበት ነበር። ዲግሪውን በቀበለ ማግስት ለአንድ ባለ ቤት ፕላን ሠርቶ ብር የተቀበለ ወንድማችን፥ ኮምፒዩተሩም ፕሮግራሙም ያው የትናንቱ ቢሆኑም፥ ትናንት የተፈቀደለት ዛሬ ተከልክሎበታል። «ለግል ጥቅም ብቻ» ወይም «ለንግድ የማይውል» ተብሎ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ሁሉ በዚሁ መንገድ ይታያል።

ሦስተኛው፥ እስከ መቼ? የሚለው ነው። ቀድሞ ብዙዎቹ ፈቃዶች አንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው ሳይወሰን የሚያገለግሉ ነበሩ። አሁን ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ኪራይ እየበዛ ሄዷል፤ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. የፎቶሾፕን አዳዲስ ዕትሞች በኪራይ ብቻ እንደሚሰጥ ማስታወቁ ለብዙዎች ምልክት ሆኗል። ኪራይ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ መነሻ ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ እንዲያውም ይመቻል። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አስቀድሞ ይጠየቅ። ክፍያው ቢቋረጥ የሠራናቸው ሰነዶች ይከፈቱልናልን? የደንበኞቻችን መዝገብ በሻጩ ሰርቨር ላይ ከሆነስ፥ ለመውሰድ ስንት ቀን ይሰጠናል? ለዚህ መልስ የሌለው ውል የድርጅቱን መዝገብ በሰው ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን እንደ መስጠት ነው።

አራተኛው፥ ለማን ሊተላለፍ ይችላል? የሚለው ነው። ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተሸጠ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ኮምፒዩተር ጋር የተቈራኘ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በሐምሌ ወር 2012 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜ ገደብ የተሸጠን ፈቃድ ገዢው መልሶ ቢሸጥ ሻጩ ሊከለክለው እንደማይችል ፈርዷል፤ ዳሩ ግን የዚህ ፍርድ ወሰን ኅብረቱ ነው። በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ ሌላ አንቀጽም አለ፤ ሻጩ መጥቶ ስንት ቅጂ እንደምንጠቀም ሊመረምር እንደሚችል ይናገራል። የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት እንግዲህ የፈቃድም መዝገብ መያዝ አለበት።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በክፍያ ስለሚገኘው ነው። «እንግዲያውስ ነጻውን እንጠቀማለን» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቋንቋችን በአንዲት ፊደል የሚለየውን እኛ አንደባልቀው። «በነጻ» ማለት ያለ ዋጋ ማለት ነው፤ «ነጻ» ማለት ግን ነጻነት ያለው ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የግኑን ሥራ ሲያውጅ የተነሣው ለሁለተኛው ነው፤ ሰው ፕሮግራሙን እንዲመረምር፥ እንዲያሻሽል፥ እንዲያካፍልም። ያ ነጻነት እንዳይጠፋ ተብሎ የተጻፈው ጂ.ፒ.ኤል. የተባለ ፈቃድ፥ ፕሮግራሙን ለሌላ ያስተላለፈ ሁሉ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ አብሮ እንዲሰጥ ግድ ይላል። ሊኑክስ የሚተዳደረው በዚህ ነው። ድርጅታችን በውስጡ ብቻ ቢጠቀምበት ምንም ግዴታ የለበትም፤ ለውጦ ለደንበኛ ሲሸጠው ግን ግዴታው ይጀምራል። ኤ.ጂ.ፒ.ኤል. የሚባለው ደግሞ የተለወጠውን ፕሮግራም በኢንተርኔት ለሚጠቀሙበትም ኮዱ እንዲቀርብላቸው ያዝዛል። ኤም.አይ.ቲ. የተባለው ፈቃድ ግን ልል ነው፤ የባለ መብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ እንዳይነሣ ብቻ ይጠይቃል።

ይህም ቢሆን የወረቀት ጌጥ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሊንክሲስ የሚባለው የኢንተርኔት ማሠራጫ ሣጥን በውስጡ ሊኑክስ እንዳለበት ፕሮግራም ዐዋቂዎች ደረሱበትና ኮዱ እንዲገለጥ ጠየቁ፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ገለጠው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ ለሞዴል ባቡር መንጃ በነጻ የተሰጠን ፕሮግራም የደራሲዎቹን ስም አጥፍቶ የወሰደ ሰው የቅጂ መብት ጥሷል ተብሎ ሊከሰስ እንደሚችል ፈረደ። ገንዘብ አልተከፈለበትም ማለት ውል የለውም ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ሁላችንም በልባችን የያዝነውን ተቃውሞ እንናገረው። «ዋጋው በዶላር ነው፤ እኛ ድኾች ነን፤ ክራክ ባይኖር ምን እንሠራ ነበር?» ይባላል። ይህ አባባል እውነት የለበትም አንልም። በሒሳብ ሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፒችትሪ የሚያውቅ» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ ስሙን «ሴጅ 50» ብሎ ከለወጠው ከዐሥር ዓመት በላይ ቢያልፍም ሥራ ፈላጊው ያንኑ መማር ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ክራክ ከድኽነት አያወጣንም። ቁልፉን የሰበረው ያልታወቀ ሰው ከፕሮግራሙ ጋር ምን ክፉ ነገር እንዳስገባ አናውቅም፤ የጥገና ዕትም አይመጣልንም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባንክ ብድር ወይም ከውጭ አገር ደንበኛ ሥራ ለማግኘት በምንቆምበት ቀን «ፈቃዳችሁን አሳዩ» ቢሉን የምናሳየው የለንም። ለአንድ ፕሮግራም ለምደን እጃችንን ከሰጠን በኋላም፥ ዋጋውን የሚወስነው ሻጩ እንጂ እኛ አንሆንም። ድኻ ሰው ውል ሳያነብ ሊፈርም አይገባውም፤ ስሕተቱን የሚከፍልበት ትርፍ ገንዘብ የለውምና።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ድርጅት ለማቋቋም ያሰብን ጓደኞች፥ ከመመረቃችን በፊት በኮምፒዩተራችን ያሉትን ፕሮግራሞች በአንድ ገጽ ወረቀት እንመዝግብ። በየአንዳንዱ ፊት አራቱን ጥያቄዎች እንጻፍ፤ በምን ይቈጠራል? ለምን ተፈቀደ? እስከ መቼ ነው? ለማን ይተላለፋል? መልሱ ያልተገኘለትን ውሉን ከፍተን እንፈልግለት፤ በሕግ ትምህርት ክፍል ያሉ ወንድሞችና እኅቶችም ከእኛ ጋር ተቀምጠው ቢያነቡት ለእነርሱም ትምህርት ነው። ዋጋው ከዐቅማችን በላይ ለሆነው፥ እንደ ሊብሬ ኦፊስና እንደ ሊኑክስ ያለ ነጻ ምትክ እንዳለው እንጠይቅ። ምትክ ያልተገኘለትንም የሚጽፈው ሰው ከዚሁ ግቢ የሚወጣ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በውሉ ላይ ደቃቁን ፊደል የምንጽፈው እኛ እንሆናለን፤ አንብቦ ሊገባው የሚችል ሰው እንዲፈርምበት አድርገን እንድንጽፈው ከአሁኑ እንልመድ።