ለፀሐይ የቀረበው ደጋ ስለ ምን ይበርዳል?

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ሜዳ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ፣ ከመኪና እንደ ወረደ አስቀድሞ የሚፈልገው ጋቢውን ነው። ጋቢውን ከደረበ በኋላ ደግሞ፣ በተለይ ተማሪ እንደ ሆነ፣ አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ከዚያ በስተምሥራቅ የተደረደሩት የስሜን ተራሮች ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ፤ ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ከሆነ እነዚህ ቦታዎች ከተከዜ ቆላ ይልቅ ለፀሐይ ይቀርባሉ ማለት ነው። ታዲያ ለእሳት የቀረበ ሰው የሚሞቀው ከሆነ፣ ለፀሐይ የቀረበ አገር ስለ ምን ይበርደዋል?

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ፀሐይ ከምድር በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚህ ላይ የራስ ዳሸንን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል መቀነስ፣ ከሙሉ ጎተራ ገብስ አንዲት ቅንጣት እንደ ማንሣት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃም አለ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ትክክለኛ ክብ ስላልሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ትጠጋለች፤ አንድ ጊዜም ትርቃለች። በጣም የምትጠጋው ታኅሣሥ 25 ቀን ገደማ ሲሆን ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152 ሚሊዮን ይደርሳል። እንግዲህ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል በተጠጋንበት በዚያው በታኅሣሥ ወር ነው የደባርቅ ገበሬ ማልዶ ሲወጣ ሣሩን አመዳይ ለብሶ የሚያገኘው።

የደጋው ብርድ አንዱ ምክንያት አየሩ ነው። አየር የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን አሳልፎ ወደ መሬት ይሰደዋል፤ እርሱ ራሱ የሚሞቀው ይልቁንም መሬቱ ከሞቀ በኋላ ከመሬቱ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ፣ ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ አዲ አርቃይ የደረሰ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ የመጨረሻውን ከፍታ «ውርጭ» ብለው መጥራታቸው ቴርሞሜትር ሳይዙ ያደረጉት ጥሩ ልኬት ነው።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሁሉንም አይፈታም። የደባርቅ ከፍታ በታኅሣሥም በሚያዝያም ያው ነው፤ የሁለቱ ወራት ፀሐይ ግን አንድ አይደለችም። ልዩነቱ የሚመጣው ብርሃኑ መሬት ላይ ከሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ይህን ለመረዳት የእጅ ባትሪ ይበቃል። ባትሪውን ከጠረጴዛ በላይ ቀጥ አድርጎ ቁልቁል ያበራ ሰው ትንሽና ደማቅ ክብ ያያል፤ ባትሪውን በሰያፍ ቢያዘነብለው ክቡ ይረዝማል፤ ይፈዛልም። ባትሪው የሚሰጠው ብርሃን አልቀነሰም፤ ብዙ ቦታ ስለ ተካፈለው ነው እንጂ። አንድ ጭልፋ ሊጥ በትንሽ ምጣድ ላይ ወፍሮ፣ በሰፊ ምጣድ ላይ ሳስቶ እንደሚገኝ ማለት ነው።

ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ከጥቂት ላይ ይገኛል። ምድር ደግሞ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ ስለምትዞር፣ የቀትር ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በታኅሣሥ 12 ገደማ የደባርቅ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 53 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ቀጥ ብላ ብትመጣ አንድ ካሬ ሜትር የምትሸፍነው ብርሃን ያን ጊዜ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ከሩብ ይሰፋል። ይህ ለእኛ ብርድ ነው፤ ለለንደን ሰው ግን ቅንጦት ነው፤ እዚያ በዚሁ ቀን ፀሐይ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ያው ብርሃን አራት ካሬ ሜትር ገደማ ይካፈለዋል። በዚያ ላይ ዝቅ ያለች ፀሐይ የምታቋርጠው አየር ብዙ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚቀረውም ይበዛል። ወደ ደባርቅ ስንመለስ፣ በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት የሚያግድለት ደመና የለም። ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ አመዳዩ ከተዳፋቱ ይልቅ በሸለቆው ውስጥ ያለውን ማሳ የሚጎዳው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ቀን በቀን ወደ ሰሜን ትመጣለች። ሚያዝያ 15 ገደማ ጎንደር አናት ላይ፣ ሚያዝያ 17 ገደማ ደባርቅ አናት ላይ፣ ሚያዝያ 20 ገደማ አክሱም አናት ላይ ትደርሳለች። በዚያ ቀን በደባርቅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀጥ ተደርጎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላው ይጠፋል። ቀትር ስንል በሰዓታችን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተወሰነው ከደባርቅ በስተምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ ወደ ግማሽ ሰዓት ትዘገያለች። ከሚያዝያ 17 እስከ ነሐሴ 12 ገደማ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን በአዲስ አበባ ያለ ተማሪም በራሱ ግቢ ሊያየው ይችላል፤ ቀኖቹ ብቻ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ ያደናገረ አንድ ነገር ማንሣት ይገባናል። መዝገበ ቃላቱ «ሰመር»ን በጋ፣ «ዊንተር»ን ክረምት ብሎ ይተረጉማል። የአውሮፓ ሰመር ፀሐይ ከፍ የምትልበት ጊዜ ነው፤ እርሱም ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለት የእኛ ክረምት ነው። የእኛ በጋ ደግሞ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ይጀምራል። ተማሪው «በበጋ ፀሐይ ከፍ ትላለች» ብሎ ሲሸመድድ ደጃፉ ላይ ያለው ጥላ ይቃወመዋል። የእነርሱ ወራት ስም የፀሐይ ነው፤ የእኛ የዝናብ ነው። ዝናቡ ራሱ ግን የፀሐይ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የሞቀው ምድር እርጥቡን ነፋስ ወደ ራሱ ስለሚስብ ክረምቱ ይገባል። ደባርቅም ፀሐይ በነሐሴ ሁለተኛ ጊዜ አናቱ ላይ ስትመጣ ብዙ የማይሞቀው ደመናው ስለሚከለክላት ነው፤ ሙቀቱ የሚሰማው ዝናቡ ሳይገባ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሜዳ ነው። ስሜን ግን ሜዳ የለውም ማለት ይቻላል፤ ተዳፋት ደግሞ የራሱ ማዕዘን አለው። በ30 ዲግሪ ያዘነበሉ ሁለት ማሳዎች፣ አንዱ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ያዞረ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ አሉ እንበል። በታኅሣሥ ቀትር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ የደቡቡ ማሳ ቀጥ ያለች ፀሐይ ከምትሰጠው ከመቶ 99 ያህሉን ያገኛል፤ የሰሜኑ ከመቶ 40 ያህል ብቻ። በሁለቱ መካከል የአንድ ድንጋይ ውርወራ ርቀት ቢሆንም፣ አንዱ ሌላውን በሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጠዋል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሰሜኑ 94፣ የደቡቡ 76 ይሆናል። ወደ ሰሜን የሚያየው የስሜን ታላቅ ገደል በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ፈጽሞ አይነካውም፤ ፀሐይ ወደ እርሱ ፊቷን በምታዞርበት በክረምት ደግሞ ጉሙ ይሸፍነዋል። የዚህ ገደል ዕድል ያሳዝነናል።

ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት የሚመደብ ወጣት ሹም ይህን ሁሉ ቢያውቅ የሚጠቀምበት ቦታ ብዙ ነው። በአሁኑ ጊዜ በየጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሶላር የሚባለው የመብራት ሰሌዳ ይሰቀላል። ሰሌዳው ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ለአገሩ ይስማማል፤ ለአውሮፓ ጣሪያ በተጻፈው መመሪያ መሠረት በጣም ቀጥ ተደርጎ ከተሰቀለ ግን የሚያዝያንና የግንቦትን ፀሐይ ያባክናል። ትምህርት ቤት የሚያሠራም ሰው መሐንዲሱን መስኮቶቹ ወደ የት እንደሚከፈቱ ይጠይቅ። ሰፊው መስኮት በደቡብ በኩል ቢሆን የታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ እስከ ወንበሮቹ ድረስ ገብታ ልጆቹን ታሞቃለች፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ቀትሯ በጣሪያው በስተሰሜን በኩል ስለሚያልፍ በዚያ መስኮት አትገባም።